አማቴና ሁለት ሺህ ካሎሪ

ልብስ ሰፊ ሆኜ ስኖር የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ወገቡ እውነቱን እንደማይናገር ነው። ሜትሩን ሳዞርበት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ሆዱ ከጀርባው ጋር ይጣበቃል። እኔም ያላየሁ መስዬ ሁለት ጣት ጨምሬ እጽፋለሁ። ሱሪው ሲደርስለት ይለብስና «አቤት እጅ! ልክክ አለ እኮ!» ይለኛል። አሜን እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ?

የጎንደርን ሰው ወገብ ሁሉ ስለካ የራሴን ግን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም ነበር። ለምን እለካለሁ? የማውቀው ይመስለኝ ነበራ!

ጊዜው ጣሊያን ከወጣና ጃንሆይ ከተመለሱ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሱቄ ፒያሳ ነበር፤ ቤቴ ደግሞ ቁስቋም። ያን ጊዜ ቦርጭ ነውር አልነበረም፣ እወቁልኝ። እንዲያውም ማዕረግ ነበር። ቦርጭ ያለው ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሚስቱ ባለሙያ ናት ይባላል። የኔዋ የሺ ደግሞ እጇ የተመሰከረለት ነው። እኔ በፒያሳ ስንጎራደድ ሰው የሚያየው እኔን አይደለም፤ የየሺን ዶሮ ወጥ ነው።

ብቻ አንድ ችግር መጣ። ቦርጬ ከስፌት ማኪናዬ ጋር ተጣላ። መጀመሪያ ወንበሬን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ቦርጬ ተመችቶት ሲቀመጥ እጄ መርፌው ጋ አልደርስ አለ። ጥፋቱን በወንበሩ አሳብቤ አናጢ ጠራሁና እግሩን አስቆረጥኩት። አሁን ደግሞ መርፌው ከዓይኔ በላይ ሆነ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ወፍሬ ይሆን ብዬ አንዴም አላሰብኩም። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ነው መቼም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ይልማ ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰው ሲያይ ዓይኑን፣ ምላሱን፣ ጥፍሩን እያየ ነው የሚያወራው። እኔ ሱሪውን ከታች ልለካ ተንበረከክሁ። ለካሁ። መነሳት ግን እምቢ አለኝ! አንዴ ሞከርኩ። ሁለቴ ሞከርኩ። ልጁ በብብቴ ገብቶ አነሳኝ።

«አቶ አለማየሁ፣ ምነው ትንፋሽዎ እንዲህ ቁርጥ ቁርጥ አለ?» አለኝ።

«ዳገት ወጥቼ ነው።»

«የተነሱት እኮ ከወለሉ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ጠርቶ መዘነኝ። ዘጠና ስድስት ኪሎ! ለካ እኔ አራት ኪሎ የጎደለኝ አንድ ኩንታል ኖሬያለሁ። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፍቶ የደሜን ግፊት ለካ፤ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። አባቴ በኔ ዕድሜ ነው ከምሳ ተነስቶ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ተቀምጦ፣ በዚያው የቀረው። እሱም ወፍራም ነበር። በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ግርማ ነበረው እያለ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ገና አልተዳረችም። ሐኪሙ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ሠርጓን ማየት ይፈልጋሉ ወይ አለኝ።

እንዴት አልፈልግም!

ከዚያ ነው ካሎሪ የሚባለውን ነገር ያነሳው። ምግብ ማገዶ ነው አለኝ። ካሎሪ ማለት ማገዶው የሚሰጠው ሙቀት የሚቆጠርበት መለኪያ ነው። ሰው ከሚያነደው በላይ ማገዶ ካስገባ ትርፉ ይከመራል። የት ነው የሚከመረው አልኩት። ጣቱን ወደ ቦርጬ ቀሰረ።

በቀን የምበላውን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ቁርሱን፣ ምሳውን፣ መክሰሱን፣ እራቱን። ሰው ቤት የቀመስኩትንም አልተወም። ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ይገላልጣል፣ ይደምራል። መጽሐፉ ውስጥ ዳቦ አለ፣ ድንች አለ፣ አጃ አለ። እንጀራ ግን የለም! ሽሮም የለም። ሽሮ የማያውቅ መጽሐፍ ስለኔ ሆድ ምን ሊያውቅ ነው ብዬ ታዘብኩት። ልጁ ግን እየገመተ ሞላው። በመጨረሻም በቀን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ይበላሉ፣ አምስት መቶውን እንቀንሳለን፣ ሁለት ሺህ ይበቃዎታል ብሎ ፈረደ። እንዲህ ከሆነ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይወርዳል አለ።

ግማሽ ኪሎ! ናቅሁት። «ልጄ፣ እኔ ሁዳዴን ሙሉ የምጾም ሰው ነኝ» አልኩት። «በሳምንት አምስት ኪሎ አወርድልሃለሁ።»

«አይሆንም። ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት» አለኝ።

ሰማሁት እንዴ? አልሰማሁትም። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ እፍኝ ቆሎና ከውሃ በቀር አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የመንግሥት ሰው ካፖርት ሊለኩ መጡ። ከኋላቸው ቆሜ ትከሻቸውን ስለካ ዓለም ዞረች። ትከሻቸው ላይ ተንጠለጠልኩ። እሳቸው መጀመሪያ ያቀፍኳቸው መስሏቸው «ኧረ ምን ነካህ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ሁለታችንም ወደቅን። ከላይ የሆንኩት እኔ ነኝ። ዘጠና ምናምን ኪሎ እላያቸው ላይ! ካፖርቱን ሌላ ዘንድ አሰፉት መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ በሱቄ ደጃፍ እንኳ አላለፉም።

ሐኪም ይልማ መጥቶ ተቆጣኝ። «እኔ በደረጃ ይውረዱ አልኩ፤ እርስዎ በመስኮት ዘለሉ» አለኝ። ከዚያም ነገሩን ለባለቤቴ ማስረዳት አለብኝ ብሎ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

የየሺን ነገር ልንገራችሁ። የሺ አንተ ካለችኝ ሰላም ነው። አንቱ ካለችኝ ግን ኮፍያዬን አንስቼ መውጣት ይሻለኛል። ያን ቀን ገና ከበሩ ስገባ «ደኅና ዋሉ?» አለችኝ። አለቀልኝ!

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ምግቧን ሳልነካ ስወጣ ስታብሰለስል ነው የሰነበተችው። ሐኪሙ ጉዳዩን ሲያስረዳ እጇን አጣጥፋ ሰማችው። ሲጨርስ፣ «ባሌን የሚገድለው የኔ ወጥ ነው ማለትህ ነው?» አለችው።

ልጁ ብልህ ነው። «እመይቴ፣ ወጡስ ሸጋ ነው» አላት። «ችግሩ ሸጋ መሆኑ ነው። ቢከፋማ ማን ይህን ያህል ይበላው ነበር?»

የሺ ፊቷ ፈታ አለ። የአባቴን ነገር ሲያነሳባት ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስጠኝ» አለችው። «ቁጥሩን ለኔ ስጠኝ። እሱ መቁጠር አይችልም፤ አውቀዋለሁ።»

ቁጥሩ በየሺ እጅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ወዴት ማምለጥ አለ? ጎረቤታችን የቅመም ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ዘንድ ልካኝ ትንሿን ሚዛን ተዋስኩ። ሐጂ ለምንህ ነው አሉኝ። እንጀራ ልመዝንበት አልኳቸው። «እንጀራ በሚዛን!» አሉ፤ «ኧረ ለማን ልትሸጠው ነው?» ቤታቸው ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቁ። እኛ እንጀራውን መዘንን። ቅቤውን በማንኪያ ለካን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሒሳቡ ቀለል ይል ነበር። የሺ በሦስት ቀን ውስጥ ከሐኪሙ መጽሐፍ በለጠች። እንጀራውን በዓይኗ አይታ ይህቺን ያህል ናት ትላለች፤ ሲመዘን ልክ ነው።

ግን አንድ እክል ገጠመን። እኛ ቤት የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። አምስት ሰው፣ አንድ ትሪ። የማን ጉርሻ የት እንደገባ ማን ይቆጥራል? ልጆቹ ያጎርሱኛል፤ ትንሹ እምቢ ካልኩት ያለቅሳል። የሺ ሁለት ቀን ልትቆጥር ሞከረችና ጠፋባት። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ «ለብቻህ በሳህን ባቀርብልህስ?» አለችኝ።

 የኛ አገር ሰው ሳህኑን የሚለየው ወይ ሲጣላ ነው፣ ወይ በሽታው ሌላ ሰው ላይ እንዳይጋባ ሲፈራ ነው። ባልና ሚስት ሳህን ተለያዩ ማለት ትዳሩ አበቃለት ማለት ነው። ቢሆንም ምን ይደረግ? በራችንን ዘግተን እንበላለን፣ ማንም አያየንም ተባባልን። እኔ ማዕዘን ላይ በቆርቆሮ ሳህኔ፣ እነሱ መሶቡን ከበው። የታሰርኩ ነው የሚመስለኝ። ግን ሠራ! በአንድ ወር ሁለት ኪሎ ወረድኩ። ራስ ምታት የለ፣ መዞር የለ። ሐኪሙ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ እኔ ከምደሰተው በላይ እሱ ይደሰት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል አማቴ መጡ።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ደባት ነው። እህል በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍረው ሳይልኩብን መጡ። ደግሞ የደረሱት በምሳ ሰዓት! በሩን ከፍተው ሲገቡ ያዩት ይህን ነው፤ ልጃቸው ከልጆቿ ጋር በመሶብ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በሳህን። ሰላምታ እንኳ አልሰጡም።

«የሺ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

የሺ የገባት ስለ አመጋገቡ ነው። «አንድ ወር ሆነን እማዬ» አለች በፈገግታ።

«አንድ ወር! አንድ ወር ሙሉ ለእናትሽ ሳትነግሪ!»

ብድግ አልኩ። «እማማ፣ ይስሙኝማ። ነገሩ እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም። ካሎሪ ነው» አልኳቸው።

አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ታጠቁ። «ማናት እሷ?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ካሎሪ ማለት...»

«የጣሊያን ልጅ ናት?»

የሺ ሳቋ አፈናት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ጓዳ ገባች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እናቷ ያዩት ለቅሶ ነው። «አይዞሽ ልጄ! እናትሽ አልሞተች!» ብለው ምሳ ሳይቀምሱ፣ ውሃ ሳይጠጡ ወጡ። ስንከተላቸው በመጡበት ማኪና ተሳፍረው ሄደዋል።

በአራተኛው ቀን ተመለሱ። ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው! ከፊት የቆሙት አያ ደስታ ናቸው፤ የሺን የዳሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ግቢው መሐል ቆመው እስካልተፈረደ ድረስ አንቀመጥም አሉ። ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ እኔ ተከሳሽ ሆኜ ቆምኩ። አሁን እስቃለሁ እንጂ ያን ጊዜ ላብ አጥምቆኝ ነበር። አማቴ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ ብለዋል። ካሉ ደግሞ ያደርጉታል።

አያ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይህቺን ካሎሪ የሚሏትን ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ አያ... ማለቴ አውቀዋለሁ።»

«በሳምንት ስንት ጊዜ ነው?»

ደንግጫለሁ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ሐኪሙ በቀን ሁለት ሺህ ፈቅዶልኛል» አልኩ።

አያ ደስታ አማተቡ። ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው «ሐኪም ይህንን ይፈቅዳል?» ብሎ በሌላው ጆሮ ሲያንሾካሾክ ሰማሁ። ይህን ጊዜ የሺ መቆም አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች። አማቴ ልጄ አበደች ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ትልቋ ልጄ ናት ያዳነችኝ። ሮጣ ሐኪም ይልማን ከነመጽሐፉ ይዛው መጣች። ልጁ እያለከለከ ስለ ማገዶው፣ ስለ ትርፉ፣ ስለ ደሜ፣ ስለ አባቴ ሁሉንም አስረዳ። አያ ደስታ አባቴን ያውቁት ነበር። ስሙ ሲነሳ ድምፃቸው ለሰለሰ። ወደ ሐኪሙ ዞረው፣ «ሐኪም፣ ሳህኑን ካልለየ ይሞታል?» ብለው ጠየቁ።

«ሳህኑ ምንም አያደርግም። መጠኑ ነው» አለ ይልማ።

«እንግዲያው ፍርዱ ቀላል ነው» አሉ አያ ደስታ። «ቁጥሩ ያንተ ነው፤ አንነካብህም። ገበታው ግን የኛ ነው። ባልና ሚስት ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።»

ፍርዱ ጸና፣ እርቅ ወረደ። እርቅ ካለ ደግሞ ድግስ አለ። አማቴ ለካ በግ ይዘው ነው የመጡት! ታርዶ ተሠራ። እኔና የሺ በሽማግሌዎች ፊት ተጎራረስን። ከዚያ አያ ደስታ አጎረሱኝ። ከዚያ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ከዚያ ሦስተኛው። አማቴ ሲደርሱ የይቅርታ ነው ብለው እጥፍ አድርገው ጠቀለሉት። ይልማ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ እየጻፈ ነበር። አንድ ሺህ ሲል ሰማሁት። አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ድንገት ዝም አለ። ዞር ብዬ ሳየው አማቴ አጠገቡ ቆመዋል፤ ጉንጩ ተወጥሯል፣ ደብተሩ ወድቋል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሺ አዲስ ዘዴ ፈጠረች። ትሪው ሲቀርብ እንጀራው ላይ በጣቷ መስመር ታሰምራለች። «እስከዚህ ያንተ ነው። ከዚህ ወዲያ ድንበር ተሻገርክ» ትለኛለች። ትሪው አንድ፣ ድንበሩ የታወቀ። ሐኪሙም ሽማግሌዎቹም ተከበሩ። ልጆቹ ድንበር ጠባቂ ሆኑብኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ሳይነቃነቅ፣ በገና ሰሞን አንድ ኪሎ መልሶ እየጨመረ፣ ወራት አለፉ። ሰማንያ አራት ኪሎ ገባሁ። ተንበርክኬ ለክቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ብድግ አልኩ! የደሜ ግፊት ወረደ። የቁስቋምን ዳገት እያወራሁ መውጣት ጀመርኩ። ፒያሳ ላይ ሰው ምነው ከሳህ፣ ምን ደረሰብህ እያለ ቢያዝንልኝም ግድ አልሰጠኝም።

አንድ ያላስተዋልነው ነገር ግን ነበር። ከድንበሩ ወዲያ የሚተርፈውን ማን ይበላዋል? የሺ ናት! የሺ ምግብ የምትደፋ ሴት አይደለችም። ልጆቹ ሲነሱ፣ እኔ ከድንበሬ ስመለስ፣ እሷ ቁጭ ብላ የኔን አምስት መቶ ካሎሪ በየቀኑ ታስተናግደዋለች። ለፋሲካ የክት ቀሚሷን አምጥታ አጠበብክብኝ አለችኝ። ጎንና ጎኑን ፈታሁላት። ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ ጨርቅ ቀጠልኩበት። ምንም አልተናገርኩም። አንቱ መባል እፈራለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አማቴ ሊጠይቁን መጡ።  ክሳቴን ሲያዩ ምን ሊሉ ነው? ዳግመኛ ሽማግሌ ሊያመጡ ይሆን? በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀበቶዬን፣ ጉንጬን፣ ያለቀውን ቦርጬን። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ክንዷን፣ አንገቷን፣ ወገቧን። እንደገና እኔን። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት!

«ከአፉ ነጥቆ ሚስቱን ያበላ!» እያሉ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «እሱ ከስቶ ልጄን አፋፋት! እኔ ጅሏ፣ ይህን የመሰለ ሰው ላይ ሽማግሌ አምጥቼ!»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። የሺ እግሬን ረገጠችኝ። አፌን ዘጋሁ።

አማቴ ደባት ተመልሰው ይህንኑ በሰበካው ሁሉ አወሩት። የደባት እናቶች ልጃቸውን ሲድሩ እንደ ጎንደሩ ልብስ ሰፊ ያለ ባል ይስጥሽ ብለው ይመርቁ ጀመር። አንድ የደባት ገበሬ ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ስሜን ሲሰማ እጁን ወገቡ ላይ ጫነና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አለማየሁ ማለት አንተ ነህ?» አለኝ። «ቤቴ ውስጥ በሰላም ጎርሼ አላውቅም እኮ ባንተ የተነሳ!» እስኪለካ ድረስ ይቅርታ ስለምነው ዋልኩ።

ይህን ሁሉ ለሐኪም ይልማ ነገርኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ቁም ነገር ትዝ አለው። የወይዘሮ የሺ ክብደት እንዲህ ከጨመረ ለጤናቸው ጥሩ አይደለም አለኝ። ደብተሩን አወጣ፣ ብዕሩን ከፈተ። ለእሳቸውም የቀን ቁጥር እናውጣላቸው፤ ቀስ እያልን በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንቀንሳለን አለ።

«አውጣላት» አልኩት። «እኔም እስማማለሁ። ብቻ ልጅዎን ላከሳልዎ ነው ብለህ ደባት ሄደህ ለእማማ ጥሩወርቅ የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

ይልማ ብዕሩን ከደነ። ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ለጊዜው» አለኝ፣ «ወይዘሮ የሺ ፍጹም ጤነኛ ናቸው።»